ከኦስሎ እስከ በርገን በባቡርና በጀልባ፦ የፊዮርዱን ጉዞ በራስዎ እንዴት ያሰናዱታል

ፊዮርድ የበረዶ ግግር ቦርቡሮ ከጨረሰው በኋላ ባሕር ገብቶ የሞላው ጥልቅ ሸለቆ ነው። የኖርዌይ ምዕራባዊ ዳርቻ በእነዚህ የተተለተለ ነው። ትልቁ ሶግነፊዮርድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ጥልቀቱም ከ1,300 ሜትር ያልፋል። ከኦስሎ ተነስቶ በዚህ ፊዮርድ ቅርንጫፎች በኩል የወደብ ከተማዋ በርገን ለመድረስ ሁለት ባቡር፣ አንድ ጀልባ፣ አንድ አውቶቡስና እንደገና አንድ ባቡር ይያዛል። አስጎብኚዎች ሁሉንም በአንድ ቀን አጣጥፈው ይሸጡታል። ያን ቀን 12 ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ስለሚውሉ ዋናው ነገር፣ ፊዮርዱ፣ ደክመው ሳሉ ያልፍዎታል። ሁለት ቀን ይስጡት፤ መካከል ላይ ፍሎም በምትባለው መንደር ይደሩ።

ጊዜ መምረጥ

ምርጡ ወቅት ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን መጨረሻ ነው፤ በእኛ ግንቦትና ሰኔ። በረዶው ስለሚቀልጥ ፏፏቴዎቹ ሞልተው ይወርዳሉ፣ ከፍተኛው ሜዳ ላይ ግን ገና ነጭ በረዶ ይታያል፣ ብርሃኑም እስከ ምሽት ይቆያል። ጁላይና ኦገስት ትላልቅ የመዝናኛ መርከቦች ፍሎም ላይ ሰው ያራግፋሉ። በኖርዌይ ክረምትም ይኬዳል፤ ነገር ግን ዲሴምበር ላይ በርገን የሚደርሳት የቀን ብርሃን 6 ሰዓት ስለማይሞላ የከሰዓቱ ጀልባ ጨለማ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ቪዛ

ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ፣ ሼንገን ውስጥ ናት። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድንም እንዲሁ። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ሲቀር ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። የኅብረቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ውሳኔ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ስላራዘመ ቢያንስ ሦስት ወር ሲቀርዎት ይጀምሩ። ስዊድን፣ ጀርመን ወይም ጣሊያን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ይዞ ይገባል። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ደግሞ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ መቆየት ይችላል።

ትኬት የሚገዛበት ቅደም ተከተል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ከኦስሎ የሚነሳውን ባቡር መጀመሪያ ይገዛና ፍሎም ላይ አልጋ ያጣል። ቶሎ ከሚያልቀው ይጀምሩ።

1. የፍሎም ማደሪያ። የጥቂት መቶ ሰዎች መንደር ስለሆነች አልጋው ትንሽ ነው።
2. ከሚርዳል (ከኦስሎ በርገን መስመር የሚወርዱበት የተራራ ጣቢያ) ወደ ፍሎም የሚወርደው ባቡርና በማግስቱ ከፍሎም ወደ ጉድቫንገን (የጀልባው መጨረሻ) የሚሄደው ጀልባ።
3. ከኦስሎ እስከ ሚርዳል ያለው ባቡር። ርካሹ ዋጋ በቁጥር የተወሰነ ነው፣ ገንዘቡም አይመለስም፤ ስለዚህ የፍሎሙ ከተረጋገጠ በኋላ ይግዙት።
4. ከጉድቫንገን ወደ ቮስ አውቶቡሱ፣ ከቮስ ወደ በርገን ባቡሩ። እነዚህ አያስቸኩሉም።

ኤንቱር የሚባለው የአገሪቱ የጉዞ መተግበሪያ ሁሉንም ሰዓት በአንድ ላይ ያሳያል። ሁሉም ሰሌዳ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 14:30 ማለት በእኛ ከቀኑ 8:30 ነው። በኢትዮጵያ ሰዓት አስልቶ ባቡር ማምለጥ ቀላል ስለሆነ ትኬቱ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ።

በኖርዌይ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) ሐዲዱ ሲጠገን ባቡሩ በአውቶቡስ ይተካል። ማስታወቂያው ላይ «ቡስ ፎር ቶግ» የሚል ካዩ ቀኑን ይቀይሩ፤ አውቶቡሱ በሌላ መንገድ ስለሚሄድ የመጡበትን አያሳይዎትም።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከኦስሎ ወደ ፍሎም

ጠዋት ይነሱ። መቀመጫ ሲመርጡ ወደ በርገን አቅጣጫ በግራ በኩል ያለውን መስኮት ይያዙ። በ1909 የተከፈተው ይህ መስመር ደኑንና ሐይቁን አልፎ ወደ ሃርዳንገርቪዳ አምባ ይወጣል። ፊንሰ ጣቢያ 1,222 ሜትር ላይ ነው፤ ዛፍ የለም፣ ድንጋይና በረዶ ብቻ። ከ4 ሰዓት ተኩል በላይ ከተጓዙ በኋላ ሚርዳል ይወርዳሉ። ሚርዳል የመኪና መንገድ የሌለው ጣቢያ ስለሆነ የቀኑን የመጨረሻ የፍሎም ባቡር ካመለጡ ታክሲ አይታደግዎትም። ስለዚህ ከመጨረሻው አንድ ቀደም ያለውን ይያዙ።

የፍሎም መስመር 20.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን ከ866 ሜትር ከፍታ እስከ ባሕር ጠርዝ ይወርዳል። አብዛኛው ቁልቁለት በ100 ሜትር 5.5 ሜትር የሚጥል ነው፤ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጥርሳም ሐዲድ ሳይኖረው እንዲህ የሚወርድ መደበኛ ባቡር ጥቂት ነው። ከ20ዎቹ ዋሻዎች 18ቱ በእጅ የተቆፈሩ ሲሆን፣ ባቡር የጀመረው በ1940 ነው። ሾስፎሰን ፏፏቴ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል። ጃኬት ለብሰው ይውረዱ፤ ርጭቱ ስልክ ያርሳል። አንድ ሰዓት የማይሞላ ጉዞ ነው።

ሻንጣ አንድ፣ ያውም ራስዎ የሚያነሱት ይሁን፤ በሁለት ቀን አምስት ጊዜ ይሳፈራሉና። ምሳ ከኦስሎ ሱፐርማርኬት ይግዙ፤ መንገድ ላይ ምግብ ውድ ነው። የቧንቧው ውሃ ንጹሕ ስለሆነ ባዶ ጠርሙስ ይበቃል። ለጿሚ «ቬጋንስክ» የሚለው ቃል ያግዛል፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ ማለት ነው። ገንዘቡ ክሮነ እንጂ ዩሮ አይደለም፤ ለትንሹም ነገር በካርድ ይከፈላል።

ፍሎም ከደረሱ በኋላ ከመምሸቱ በፊት ወደ ስቴጋስታይን የሚወስደውን አውቶቡስ ይያዙ። ከአውርላንድፊዮርድ 650 ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ባዶ አየር የተዘረጋ የእንጨት መድረክ ነው። የሚሄዱበትን ውሃ አስቀድሞ ከላይ ያሳያል።

ሁለተኛው ቀን፦ ፊዮርዱና በርገን

የጠዋቱን ጀልባ ይምረጡ፤ ሰው ይቀንሳል። ጉዞው 2 ሰዓት ያህል ነው። በጉዞው መጀመሪያ ጀልባው ውስጥ ተቀምጠው ይሙቁ። ከኡንድሬዳል መንደር በኋላ ጀልባው ወደ ግራ ሲታጠፍ ግን ወደ ፊተኛው ሰገነት ይውጡ፤ ኔሮይፊዮርድ የሚጀምረው እዚያ ነው። በጣም የጠበበው ቦታ 250 ሜትር ብቻ ስለሆነ ግራና ቀኝ የቆመው ገደል ሰማዩን ወደ ቀጭን ሪባን ይለውጠዋል። ዩኔስኮ በ2005 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ጁላይም ቢሆን ንፋሱ ስለሚበርድ ኮፍያና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት ያስፈልጋል።

ከጉድቫንገን አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ያህል፣ ከቮስ ባቡሩ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃሉ፤ ከሰዓት በኋላ በርገን ነዎት።

በርገን በዓመት ከ200 ቀን በላይ ይዘንብባታል። ጃንጥላ ንፋሱ ይገለብጠዋልና ቆብ ያለው የዝናብ ልብስ ይሻላል። መጀመሪያ ወደ ብሪገን ይሂዱ። በ1360 አካባቢ ሃንሳ የተባለው ማኅበር የጀርመን ነጋዴዎች የደረቅ ዓሣ ንግዳቸውን ያቋቋሙበት የወደብ ሠፈር ነው። በ1702 ቃጠሎ ሲወድም በድሮው አሠራር መልሰው ሠሩት። ብዙ ጎብኚ ከፊት ፎቶ አንስቶ ይመለሳል፤ እርስዎ ግን በቤቶቹ መካከል ወዳሉት ጠባብ የእንጨት መተላለፊያዎች ይግቡ፤ ያዘመመው ግድግዳና የመጋዘኑ አሠራር የሚታየው እዚያ ነው። ሰማዩ ሲጠራ ሌላውን ትተው ከ1918 ጀምሮ በሚሠራው ፍሎይባነን በሚባለው የተራራ መወጣጫ ባቡር ወደ 320 ሜትር ይውጡ፤ ደመናው ለመመለስ ጊዜ አይወስድም።

የመልስ በረራዎን ከበርገን ቢያደርጉ የከተማዋ ቀላል ባቡር ከመሀል ከተማ በ45 ደቂቃ አየር ማረፊያ ያደርስዎታል። በረራው ከኦስሎ ከሆነ የሌሊት ባቡር አለ፤ በየሌሊቱ ላይነሳ ስለሚችል ቀኑን ከበረራዎ ጋር አስቀድመው ያመሳክሩ።