በደጋው አያሳብቡ፦ ውፍረትና የልብ ድካም ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አጎቴ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ሱቅ አላቸው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሆዳቸው ገፋ፣ ፊታቸው ሞላ። ሰፈሩም "አማረብዎት!" ይላቸው ጀመር። ቆይቶ ሥላሴን ሊሳለሙ ሲሄዱ መንገድ ላይ መቆም አመጡ። ለሚያያቸው ሰው የሚጠብቁ ይመስላሉ። የሚጠብቁት ግን ትንፋሻቸውን ነበር።

እሳቸውን ሳስታምም ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። ግማሾቹ የራሴ ናቸው። መጀመሪያ ግን "የልብ ድካም" ሲባል ብዙ ሰው ደረት አስይዞ ድንገት የሚጥለውን ያስባል። እኔ የማወራው ሌላ ነው። ልብ ለሰውነት የሚበቃውን ደም መርጨት ሲያቅተው ወይም የሚረጨው በብዙ ጭንቅ ሲሆን፣ ቀስ እያለ ስለሚመጣው ነው።

"ደጋው ነው፣ ብርዱ ነው" ማለት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ደረጃ ሲወጣ ቢያለከልክ አይገርምም። እዚያው ተወልዶ ላደገ ሰው ግን ደጋው አዲስ ነገር አይደለም። አምና ሳያርፉ የሄዱበትን መንገድ ዘንድሮ ሦስቴ ቆመው ከሄዱ፣ ከፍታው አልጨመረም።

እኛ ቤት ይህ የገባን በለቅሶ ሰበብ ነው። ጣርማ በርን አልፈን፣ ደብረ ሲናን ወርደን ሸዋ ሮቢት ገባን። ከደብረ ብርሃን 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። አጎቴ መኪና ውስጥ ሳሉ "እዚህስ ይተነፈሳል" ብለው ነበር። ከመኪናው እስከ ድንኳኑ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ሁለት ጊዜ ቆሙ። ማታ ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ላስቲኩ እግራቸው ላይ ቦይ ሠርቷል።

እግር ሲያብጥም "ብርድ ገብቶበት ነው" ይባልና በቅቤ ይታሻል። እኔም አሽቻለሁ። በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር እብጠት፣ ትራስ ካልደረቡ መተኛት አለመቻል፣ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮ መባነን ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ያስኬዳሉ።

"ወፍሬ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለኝም" ማለት

ይህ የሚያሳስተው ግማሽ እውነት ስላለው ነው። 25 ኪሎ ጤፍ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ክብደት እንደሚያደክም ያውቃል። ስብ ግን እንደ ጤፉ ዝም ብሎ የሚሸከሙት ነገር አይደለም። እሱም ደም ይፈልጋል። ስለዚህ በሰውነት ውስጥ የሚዞረው ደም ይበዛል፤ ልብም አብዝቶ ይገፋል። ዓመታት ሲቆጠሩ ግድግዳው ይወፍራል፣ ይደድራል፤ ላላ ብሎ ደም መቀበል ያቅተዋል። ሆድ ውስጥና ልብ ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብ ደግሞ የባሰ ነው። ሰውነትን የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል። ደም ግፊትና ስኳርም አብረውት ይመጣሉ። ቁጭ ሲሉ ምንም የለም። ሲራመዱ ግን ልብ ተቀብሎ ያላስተናገደው ደም ግፊቱን ወደ ሳንባ ይመልሳል። ትንፋሽ የሚያጥረው ያኔ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ወደ 5,900 ሰዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቶ ነበር። ከመጠን በላይ የወፈሩት ሰዎች በልብ ድካም የመያዝ ዕድላቸው ክብደታቸው ከተስተካከለው እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

"ኢኮ ተነሥቼ ደህና ነው ተብያለሁ" ብሎ መዝጋት

ኢኮ ማለት የልብ አልትራሳውንድ ነው። ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከረጨ ቁጥሩ ጥሩ ነው ይባላል። ከውፍረት ጋር የሚመጣው የልብ ድካም ግን ብዙ ጊዜ ይህን ቁጥር አያወርደውም። ችግሩ ያለው መቀበሉ ላይ ነዋ! የልብ ድካምን የሚጠቁመው ቢኤንፒ የሚባለው የደም ምርመራም ወፍራም ሰው ላይ ዝቅ ብሎ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ለሐኪሙ "ይደክመኛል" ብቻ አይበሉት። ስንት የመብራት ምሰሶ አልፈው እንደሚቆሙ፣ አምና ስንት ያልፉ እንደነበር ይንገሩት።

ሶፋ ላይ መክተም

"አይነሡ፣ እኛ እናመጣልዎታለን" ስንል ከረምን። ፍቅር ነበር፤ ጎዳናቸው እንጂ። ያልሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል። የሟሸሸ ጡንቻ ደግሞ ልብ የላከለትን ኦክስጅን በወጉ አይጠቀምበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፣ ይህ ዓይነቱ የልብ ድካም ያለባቸው 100 ወፍራም ሰዎችን ለ20 ሳምንት ተከታትሏል። ምግብ መቀነሱ ብቻውን፣ እርምጃውም ብቻውን አቅም ጨምሯል። ሁለቱ ሲጣመሩ የበለጠ ጨምረዋል።

ሐኪም ከፈቀደ በሜዳ፣ እያወሩ መሄድ በሚያስችል ፍጥነት፣ 5 ደቂቃም ቢሆን ይጀመራል። እግር እያበጠ ወይም ተቀምጠውም ትንፋሽ እያጠረ ግን አይሞከርም።

ሚዛኑን አለማንበብ

በሁለት ሦስት ቀን 2 ኪሎ ከጨመሩ ያ ስብ ሳይሆን ውኃ ነው፤ ለሐኪም ይደውሉ። ላዚክስ የሚባለውን ውኃ የሚያሸና መድኃኒት ውጠው 2 ኪሎ ቢቀንሱም የሄደው ውኃው ነው። ስቡ እዚያው አለ። ጾምም ብቻውን አያከሳም፤ ዘይት የጠገበ ሽሮና ድፎ ዳቦ ምን ሠርተው! ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን። መድኃኒቱን በጾም ምክንያት አያቋርጡ፤ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክሉ። ጸበል የሚገቡም ምን ያህል መጠጣት እንደሚችሉ አስቀድመው ይጠይቁ።

የማክሲያ መርፌ ከማይታወቅ ሻጭ መግዛት

ሴማግሉታይድ የሚባለው መርፌ ውፍረትና ይህ ዓይነቱ የልብ ድካም ላለባቸው እንደሚረዳ እ.ኤ.አ. በ2023 ታይቷል። በዓመት 13 በመቶ ያህል ከስተዋል፤ በ6 ደቂቃ የሚራመዱትም ወደ 20 ሜትር ጨምሯል። ግን ሐኪም የሚያዝዘው፣ ክትትል የሚፈልግ መድኃኒት ነው። "የማክሲያ ሻይ" የሚሉትን ደግሞ ይተዉት።

"ከሱብኝ" እያሉ ማስደንገጥ

አጎቴ ዘንድሮ 9 ኪሎ ቀንሰዋል። ሥላሴ ድረስ አንዴ ብቻ ነው የሚቆሙት። ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን መንገድ ላይ አገኘቻቸውና "ምነው ጋሼ፣ ከሱብኝ! አመመዎት እንዴ?" አለቻቸው።

"ያመመኝስ አማረብዎት ስትዪኝ የነበረ ጊዜ ነው" አሏት።