የድረ ገጽ ስክሪንሾት በራሱ ጊዜ እንዲነሳ እንዴት ይደረጋል?

ድረ ገጽ ተከፈተ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ሰርቨሩ (ገጹን የሚልከው ኮምፒውተር) 200 ብሎ ይመልሳል፤ ተሳክቷል የሚል የመልስ ቁጥር ነው፤ በእሱ በኩል ሁሉ ሰላም ነው። ገጹን ስታዩት ግን ሜኑው ፎርሙ ላይ ተደርቧል፣ ወይም "ግዛ" የሚለው ቁልፍ የለም። ይህን የሚለየው ዓይን ነው። ዓይን ደግሞ ሌት ተቀን ተጥዶ አይጠብቅም። ስለዚህ ገጹን በየጊዜው የሚያነሳ፣ ከቀድሞው ምስል ጋር የሚያስተያይና ልዩነት ሲያገኝ የሚነግረን ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር ፕሮግራም፣ እንሥራ።

መጀመሪያ የትኞቹን ገጾች፣ በየስንት ጊዜው እንደምታነሱ ወስኑ። ሃምሳ ገጽ በየአምስት ደቂቃው ማንሳት ያጓጓል፤ ያን ሁሉ ምስል ግን ማንም አያይም። ቢበላሹ ሰው ቶሎ የሚጎዳባቸውን አምስት ገጾች ምረጡ፤ መግቢያውና መክፈያው አይቅሩ። ድረ ገጹ የሌላ ሰው ከሆነ የአጠቃቀም ደንቡን አንብቡ፤ ሰርቨሩንም በጥያቄ ብዛት አታጨናንቁ።

መሣሪያ ምርጫው ላይ ብዙ አንቆይ። በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ የጉግል ክሮም ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ፓፔቲር ነው፤ ሌላው ማይክሮሶፍት በ2020 ያወጣው ፕሌይራይት ነው። ሁለቱም መስኮት ሳይከፍቱ ብራውዘሩን ከጀርባ ያንቀሳቅሱታል። እኔ ፕሌይራይትን እመርጣለሁ፤ በፓይተንም በጃቫስክሪፕትም ይሠራል፣ ክሮሚየምንም (ክሮም የተሠራበትን ብራውዘር) ፋየርፎክስንም በአንድ ዓይነት ኮድ ያዛል። በፓይተን የምትሠሩ ፒፕ በሚባለው የፓይተን መጫኛ ጫኑት፤ ከዚያ ብራውዘሮቹን እንዲያወርድ የሚያዘውን ሁለተኛ ትእዛዝ ስጡ። ይህችን ሁለተኛዋን የሚረሳት ብዙ ነው።

የስክሪፕቱ አጥንት አጭር ነው። ብራውዘር ክፈት፣ የመስኮቱን መጠን ስጥ፣ ወደ ሊንኩ ሂድ፣ ጠብቅ፣ አንሳ፣ ዝጋ። አሥር መስመር ገደማ ይበቃዋል።

ከነዚህ ውስጥ አስቸጋሪው "ጠብቅ" የሚለው ነው። "አምስት ሰከንድ ቆይ" ብላችሁ አትለፉት፤ ኔትወርኩ የደከመ ቀን አምስት ሰከንድ አይበቃም፣ ፈጣን በሆነ ቀን ደግሞ በከንቱ ያልፋል። ይልቅ አንድ የምታውቁት ነገር፣ ለምሳሌ የዋጋ ሰንጠረዡ ወይም የመግቢያ ቁልፉ፣ ገጹ ላይ እስኪታይ ጠብቅ በሉት። ብዙ ድረ ገጾች ታች ያሉትን ምስሎች የሚጭኑት አንባቢው ሲደርስባቸው ብቻ ነው። ሙሉ ገጽ የምታነሱ ከሆነ ስክሪፕቱ ቀስ እያለ እስከ ታች ይውረድ፣ ወደ ላይ ይመለስ፣ ከዚያ ያንሳ። አለዚያ ባዶ ሳጥን ታነሳላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መጀመሪያ ይህን ሥራ ስሠራ ማስታወቂያ በተቀየረ ቁጥር "ለውጥ አለ" የሚል መልእክት ይደርሰኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን መልእክቶቹን መክፈት ተውኩ። እውነተኛው ብልሽት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሳላየው አለፈ። ከዚያ ወዲህ አንድ ፈተና ሳላደርግ ምንም ገጽ ክትትል ውስጥ አላስገባም። ምንም ሳይቀየር ገጹን ሁለቴ አከታትዬ አነሳዋለሁ። ሁለቱ ምስሎች ካልተመሳሰሉ ገጹ ገና አልተዘጋጀም።

የሚለያያቸውን አንድ በአንድ ፈልጉ። አኒሜሽን ከሆነ ፕሌይራይት ሲያነሳ የሚያጠፋበት ምርጫ አለው። ማስታወቂያ፣ ሰዓት ወይም የጎብኚ ቁጥር ከሆነ ቦታውን በቀለም ሸፍኑት፤ ለዚህም ማስክ የሚባል ምርጫ አለ። የኩኪ ፈቃድ መጠየቂያው ገጹን ከሸፈነ ስክሪፕቱ አስቀድሞ ይዝጋው። የመስኮቱ መጠን ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ የምታነሱበትም ኮምፒውተር እንዲሁ፤ ያው ፎንት በሁለት ማሽን ላይ ትንሽ ተለያይቶ ይወጣል። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ የግዕዝ ፎንት ካልተጫነ ደግሞ አማርኛው ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ነው የሚነሳው።

ጥሩውን ምስል መነሻ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አዲሱን ከእሱ ጋር በፒክስል፣ ማለትም ምስሉ በተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ ለማስተያየት ፓይተን ላይ ፒሎው፣ ጃቫስክሪፕት ላይ ፒክስልማች የሚባሉት መሣሪያዎች ይበቃሉ። ምስሉን በፒኤንጂ አስቀምጡ፤ ጄፔግ ሲጨምቅ ፒክስሎቹን ይነካካል።

ስንት ከመቶ ሲለያይ ነው የሚነግረን? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 1280 በ720 የሆነ ምስል 921,600 ፒክስል አለው። 120 በ40 የሆነ ቁልፍ ደግሞ 4,800 ነው፤ ከመቶ ግማሽ ገደማ። ገደቡን 1 ከመቶ ብታደርጉት ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋም ስክሪፕቱ ዝም ይላል። ሙሉ ገጽ ከሆነማ ድርሻው ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ ወሳኙን ክፍል ለብቻው አንሱት፤ ፕሌይራይት አንድን ቁልፍ ወይም ፎርም ነጥሎ ማንሳት ይችላል።

በሰዓቱ እንዲነሳ ሊኑክስ ላይ ክሮን፣ ዊንዶውስ ላይ ታስክ ስኬጁለር አለ። የፋይሉን ስም በዓመት፣ በወር፣ በቀንና በሰዓት ቅደም ተከተል ስጡት፤ ፎልደሩ ራሱ በጊዜ ይደረደራል። በይለፍ ቃል የሚገባበት ገጽ ከሆነ ለሙከራ ብቻ የተከፈተ አካውንት ተጠቀሙ፤ ይለፍ ቃሉንም ኮዱ ውስጥ አትጻፉ። የእውነተኛ ደንበኛ መረጃ በምስል ፎልደር ውስጥ ሲከማች ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ሪፖርቱ ላይ የተለወጠው ብቻ ይውጣ። የቀድሞው፣ የአሁኑና ልዩነቱ በቀለም የተመለከተበት ሦስተኛ ምስል ጎን ለጎን ይሁኑ፤ ከሥራቸው ሊንኩና ሰዓቱ። ያልተነሳ ገጽ ካለ "አልተነሳም" ተብሎ ይጻፍ፤ የትናንቱ ምስል ቦታውን አይሙላ። ፕሌይራይት 404 (ገጹ አልተገኘም) ወይም 500 (ሰርቨሩ ላይ ስህተት አለ) ቢመለስለትም አይቆምም፤ የስህተቱን ገጽ አንስቶ ይሄዳል። ስለዚህ የሰርቨሩን መልስ ቁጥርም መዝግቡ።

ገጹ ሆን ተብሎ ሲቀየር መነሻውን ምስል በአዲሱ ተኩ። ይህን ግን ስክሪፕቱ በራሱ አያድርገው። ሰው አይቶ ይሁን ካለ በኋላ ብቻ ይተካ፤ አለዚያ ዛሬ የተበላሸው ገጽ ነገ መነሻ ይሆናል።