ተናገረ ወይስ አሴረ? በፖለቲካ ክርክር ላይ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

በዋሽንግተን አካባቢ ላለው ማኅበረሰባችን ስለ ሕግና ስለ መብት ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ። አንድ ጥያቄ ሳይነሳ የቀረበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። "እዚህ አገር የፈለጉትን መናገር ይቻላል አይደል? ታዲያ እነ እገሌ በንግግራቸው ለምን ታሰሩ?" ጠያቂው የትራምፕ ደጋፊ ሊሆን ይችላል፤ ተቃዋሚያቸውም ሊሆን ይችላል። ስህተቱ ግን ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም መስመሩን የሚፈልጉት በሌለበት ቦታ ነው።

አብዛኞቹ ምሳሌዎቼ የአሜሪካ ናቸው፤ ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወደ አገራችን ሕግ ስመጣ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ንግግር በከረረ ቁጥር ወደ ወንጀል ይጠጋል ብሎ ማሰብ

አይጠጋም። በ1964 ክላረንስ ብራንደንበርግ የተባለ፣ የነጮች የበላይነት አራማጅ የሆነው የኩ ክላክስ ክላን መሪ ኦሃዮ ውስጥ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጠርቶ ስለ በቀል ተናገረ። በዚያ ስብሰባ ስለ ጥቁሮችና ስለ አይሁዶች የተባለው ለመድገም እንኳ ያስጸይፋል። የኦሃዮ ፍርድ ቤት ቀጣው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1969 ፍርዱን ሻረው። ሕግ መጣስን መስበክ ብቻውን አያስቀጣም ተባለ። የሚያስቀጣው ሰዎች አሁኑኑ ሕግ እንዲጥሱ ታስቦ ሲነገር፣ ያም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ሲሆን ነው።

በዚያው ዓመት ሌላ ጉዳይ ቀርቦ ነበር። የ18 ዓመት ወጣት በቬትናም ጦርነት ተቃውሞ ላይ፣ ጠመንጃ ካስያዙኝ መጀመሪያ የማነጣጥረው ፕሬዚዳንት ጆንሰን ላይ ነው ብሎ ተፈርዶበት ነበር። ፍርድ ቤቱ የፖለቲካ ግነት ነው ብሎ ፍርዱን ሻረው። ቻርልስ ኤቨርስም አለ፤ ሚሲሲፒ ውስጥ የጥቁሮች መብት ታጋይ ነበር። የተጠራውን ማዕቀብ ጥሶ ከነጮች ሱቅ የሚገዛ ሰው አንገቱ ይሰበራል ብሎ ዝቷል። በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በንግግሩ ተጠያቂ አይሆንም አለ።

ይህን ስናገር የሚቆጡብኝ አሉ፤ እረዳቸዋለሁ። አስቀያሚ ንግግር ያማል። ሆኖም አስቀያሚነት የወንጀል መለኪያ ከሆነ፣ መለኪያውን የሚይዘው ሥልጣን ላይ ያለው ሰው ነው።

"ተናገረ እንጂ ምን አደረገ?"

እዚህ ላይ ቆየት ልበል፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ሴራ በምን ይሠራል? በንግግር ነዋ! ባንክ ለመዝረፍ የተስማሙ ሁለት ሰዎች የተስማሙት በቃል ነው። እነሱ ተይዘው ሲቀርቡ "ሐሳባቸውን ነው የገለጹት" የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ጉዳዩ ፖለቲካ ሲሆን ግን ይህ ቀላል እውነት ወዲያው ይረሳል።

አጠቃላዩ የፌዴራል የሴራ ሕግ የሚጠይቀው ግልጽ ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ወንጀል ለመሥራት አውቀው መስማማት አለባቸው። ከመካከላቸው አንዱም ለዚያ ዓላማ አንድ እርምጃ መውሰድ አለበት። እርምጃው በራሱ ወንጀል መሆን አያስፈልገውም። መኪና መከራየት ሊበቃ ይችላል። ዕቅዱ ባይሳካ እንኳ ወንጀሉ አለ። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስር ይደርሳል። በመንግሥት ላይ ኃይል ለመጠቀም ማሴር ደግሞ እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል።

ኦዝ ኪፐርስ የተባለውን ታጣቂ ቡድን መሪ ስቱዋርት ሮድስን እንውሰድ። የትራምፕ ደጋፊዎች የምክር ቤቱን ሕንጻ ካፒቶልን በወረሩበት በጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ወደ ውስጥ አልገባም። በ2022 ጁሪ (ከተራው ሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) በሴራ ጥፋተኛ አለው፤ 18 ዓመት ተፈረደበት። ፕራውድ ቦይስ የተባለ የቀኝ አክራሪ ቡድን መሪ የነበረው ኤንሪኬ ታሪዮማ ያን ቀን ዋሽንግተንም አልነበረም፤ 22 ዓመት ተፈረደበት። "በንግግራቸው ታሰሩ" የሚባለው እንግዲህ በእነዚህ ሰዎች ነው። መልእክቶቻቸው ለጁሪው የቀረቡት ግን የስምምነት ማስረጃ ሆነው ነው። በሮድስ ጉዳይ ከወንዙ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ሆቴል ውስጥ መሣሪያ ተከማችቶ ነበር።

ያው ጁሪ ከሮድስ ጋር ከቀረቡት አራት ተከሳሾች ሦስቱን ከዚሁ የሴራ ክስ ነፃ አላቸው፤ በሌሎች ክሶች ጥፋተኛ ቢባሉም። ክርክር ላይ ይህን የሚያነሳ ሰው አያጋጥመኝም፤ ለእኔ ግን ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው። አምስቱም በአንድ ክስ ቀርበዋል፤ አምስቱም ተናግረዋል። ጁሪው ግን ለእያንዳንዱ ሰው ተስማምቷል ወይስ አልተስማማም ብሎ ለየብቻ ጠየቀ። በጃንዋሪ 2025 ትራምፕ የሮድስን የእስር ጊዜ አሳጠሩለት፣ ለታሪዮም ምሕረት አደረጉለት። ያ የፕሬዚዳንት ሥልጣን ነው፤ ሕጉን አልለወጠውም።

የተገላቢጦሹን ደግሞ እዩ። ሚሺጋን ውስጥ ሁታሪ የሚባል ታጣቂ ቡድን ነበር። አባላቱ ፖሊስ ስለ መግደል ሲያወሩ በድብቅ ተቀድተዋል። በ2012 ዳኛዋ ጉዳዩ ለጁሪ ውሳኔ ሳይደርስ ከሴራው ክስ አሰናበቷቸው። ጥላቻና ፉከራ ሞልቷል፤ መንግሥትን በኃይል ለመውጋት በተጨባጭ ዕቅድ ላይ መስማማታቸው ግን አልታየም።

"ቴአትር ቤት ውስጥ እሳት ብሎ መጮህ አይቻልም"

ንግግር ገደብ አለው ለማለት ይህን ምሳሌ የምትጠቅሱ፣ እባካችሁ ተዉት። የመጣው ከ1919 ፍርድ ነው። ተከሳሹ ሶሻሊስት ቻርልስ ሼንክ ያደረገው የግዳጅ ወታደራዊ ምልመላን የሚቃወም በራሪ ወረቀት ማሰራጨት ነበር። በዚያም "አሴረ" ተብሎ ታሰረ። የዛሬው መለኪያ የ1969ኙ የብራንደንበርግ ፍርድ ነው። ምሳሌውን የሚጠቅስ ሰው ሳያውቀው ተቃዋሚን ያሰረ ፍርድ እየጠቀሰ ነው።

ውሸትን ከሴራ ጋር መደባለቅ

በኦገስት 2023 ትራምፕ ላይ የቀረበውን ክስ ያነበበ ሰው ብዙ አይደለም። ገና መግቢያው ላይ አቃቤ ሕጉ ራሱ ተከሳሹ ስለ ምርጫው የመናገር፣ በሐሰት አሸንፌያለሁ የማለትም መብት አላቸው ብሎ ጽፏል። ክሱ ያተኮረው ሌላ ነገር ላይ ነው፤ ለምሳሌ በ7 ግዛቶች የሐሰት ወኪል መራጮች (ፕሬዚዳንቱን በግዛታቸው ስም የሚመርጡ ሰዎች) ሰነድ ተዘጋጅቷል በሚለው ላይ። ትራምፕ ጥፋተኛ አይደለሁም ብለዋል። ጠበቆቻቸው ጉዳዩ የመናገር መብት ነው ብለው ተከራከሩ፤ የወረዳ ፍርድ ቤቷ ዳኛ በዲሴምበር 2023 አልተቀበሏቸውም። በኖቬምበር 2024 ምርጫውን ካሸነፉ በኋላ ክሱ ተነሳ። ጁሪ ስላልሰማው "ተፈረደባቸው" የሚለውም ሆነ "ፍርድ ቤት ነፃ አላቸው" የሚለው ስህተት ነው።

ግሩፕ ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ

አንድ ልጅ ከስብሰባ በኋላ ቀርቦ ስልኩን አሳየኝ። ሰላማዊ ሰልፍ ለመጥራት የተከፈተ ግሩፕ ነው። ከሰዎቹ አንዱ ሕንጻ ሰብሮ ስለ መግባት መጻፍ ጀምሯል። ማን በየት በር እንደሚቆም ይመድባል። ጥቂቶች ላይክ አድርገዋል፣ ሌሎች ዝም ብለዋል። "እኔ ምንም አልጻፍኩም፣ ችግር የለውም አይደል?" አለኝ።

የኔ ልጅ፣ መስማትና ማንበብ ወንጀል አይደለም። አባል መሆንም ብቻውን አያስከስስም። ግን ስልክህ ውስጥ ያለውን ነገር ነገ የሚያነብልህ አቃቤ ሕግ ነው። አንዴ "እሺ" ካልክ ደግሞ በዕለቱ ቤት መቅረት ብቻውን ከስምምነቱ ወጥተሃል አያሰኝም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 እንደወሰነው፣ ወጥቻለሁ የሚል ተከሳሽ መውጣቱን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። ስለዚህ እዚያው "እኔ በዚህ የለሁበትም" ብለህ ጻፍ፣ ውጣ፣ ሰው የሚጎዳ ነገር ካለ አሳውቅ። ከመውጣትህ በፊት የጻፍከውን አታጥፋ፤ ማስረጃ ማጥፋት ሌላ ክስ ይወልዳል። ልጁ እዚያው ቁጭ ብሎ ጻፈ። ደስ አለኝ።

መንግሥት ሴራ ካለ ሴራ ነው ብሎ ማመን

እስካሁን ያልኩትን ሰምቶ "እንግዲያው መንግሥት ልክ ነው" የሚል ሰው አላጣም። የሴራ ክስ ለመንግሥታት በጣም ምቹ መሣሪያ ነው። ድርጊቱ ገና ሳይፈጸም ሰው ያስከስሳል። በ1951 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣታቸውን ያጸናባቸው 11 የኮሚኒስት ፓርቲ መሪዎች የተቀጡት መንግሥትን መገልበጥን ለማስተማርና ለመስበክ አሲረዋል ተብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሐሳብን መስበክና ሰውን ለድርጊት ማሰማራት ይለያያሉ ያለው ከ6 ዓመት በኋላ ነው።

የእኛውም ቅርብ ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን 9 ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። ክሱ በፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 ነበር። በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው ይህ አዋጅ ማቀድን፣ ማሴርንና ማነሳሳትን አንድ አንቀጽ ውስጥ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ራስን ስለ መጠበቅ መሠልጠናቸው ሳይቀር ክሱ ውስጥ ገባ። ከፊሎቹ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ። የቀሩት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ፤ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ከታሰሩ በኋላ። እነዚህ ወጣቶች የጻፉት በአደባባይ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ይከበር ነው ያሉት። ሁሌም አንድ ነገር ጠይቁ፦ ተስማሙበት የተባለው ወንጀል የትኛው ነው? ከሳሹ ይህን መመለስ ካልቻለ የያዘው ንግግር ብቻ ነው።

ፌስቡክ ገጻችሁን ሲዘጋ ፈርስት አመንድመንት (የመናገር መብትን የሚጠብቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ) አይጠራም፤ እሱ የሚያስረው መንግሥትን ነው።

የሜሪላንድን ሕግ ይዞ ቦሌ መውረድ

የጥላቻ ንግግር አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው አያስከስስም። ኢትዮጵያ ውስጥ ያስከስሳል። አዋጅ 1185/2012 እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ይደነግጋል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ እስሩ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በመንግሥት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ከአገር ውጭ ተፈጸሙ ብሎ አይተዋቸውም። በዞን 9 ክስ ላይ ውጭ አገር ሆና በሌለችበት የተከሰሰች ነበረች። ሕጉ ትክክል ነው አይደለም ሌላ ክርክር ነው፤ እኔም ብዙ የምለው አለኝ። ግን ላይቭ ገብታችሁ ስለ አንድ ብሔር ከመናገራችሁ በፊት፣ በተለይ ለክረምት ትኬት የቆረጣችሁ፣ አዋጁን አውርዳችሁ አንብቡት። አጭር ነው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል።