የቦብ ዲላንን ሊሚትድ ኤዲሽን ፕሪንት ለመግዛት ለምታስቡ

የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቦብ ዲላንን ፕሪንት፣ ማለትም ወረቀት ላይ የታተመ የስዕሉን ኮፒ፣ ልትገዙ ካሰባችሁ ስዕሉን ከመውደዳችሁ በፊት ፊርማውን እዩ። ሰውየው ከሙዚቃው ሌላ ጎበዝ ሰዓሊ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1989 እስከ 1992 ለኮንሰርት ሲዞር የሳላቸው ንድፎች በ1994 «ድሮውን ብላንክ» (Drawn Blank) በሚል መጽሐፍ ወጡ፣ በ2007 ደግሞ ቀለም ተቀብተው ጀርመን ኬምኒትዝ ሙዚየም ታዩ፣ ከዛ በኋላ ነው በቁጥር የተወሰኑ የተፈረሙ ፕሪንቶች እንግሊዝ ጋለሪዎች ውስጥ በብዛት መሸጥ የጀመሩት።

ፊርማው ላይ ለምን እንደማከርር ልንገራችሁ። ኖቬምበር 2022 ላይ ዲላን ራሱ በጽሁፍ እንዳመነው ከ2019 ጀምሮ ከባድ የማዞር ህመም ስለነበረበት አንዳንድ ፕሪንቶችና መጽሐፎች የተፈረሙት በእጁ ሳይሆን ኦቶፔን በሚባል ፊርማ የሚገለብጥ ማሽን ነው፣ ከዛ በፊት የነበሩትን ፕሪንቶች ግን ሁሉንም በእጄ ነው የፈረምኩት ብሏል። ስለዚህ ፕሪንቱ የወጣበትን ዓመት ሳታረጋግጡ ብር እንዳትከፍሉ፣ እኔ ብሆን ከ2019 በፊት የወጡትን ብቻ ነው የምፈልገው።

ትክክለኛነቱን የሚመሰክር ሰርተፊኬት አለው ብሎ ማመን ብቻውን አይበቃም! ያኔ በ2022 በ599 ዶላር የተሸጠው አዲሱ የዲላን መጽሐፍም በእጅ የተፈረመ ነው ከሚል ደብዳቤ ጋር ነበር የመጣው፣ በኋላ አሳታሚው ይቅርታ ጠይቆ ገንዘብ መለሰ። የተነቃበት መንገድ ለናንተም ይሰራል፣ ገዢዎቹ የየራሳቸውን ፊርማ ፎቶ ለጥፈው ሲያስተያዩት ቁጭ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ ፍፁም አንድ ዓይነት አድርጎ አይፈርምም። ሻጩን ፊርማውን ብቻ ከፊት ለፊት አቅርቦ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁትና ከዛው ኤዲሽን ሌሎች ኮፒዎች ጋር ደርባችሁ እዩ፣ በእጅ የተፈረመ ከሆነ እርሳሱ የሆነ ቦታ ጠንከር ሌላ ቦታ ሳሳ ይላል።

ፕሪንቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ቀላል ነው፣ 45/295 ማለት ከ295 ኮፒ 45ኛው ነው፣ በዲጂታል የታተመ ስለሆነ 1ኛውም 290ኛውም ጥራቱ ያው ነው፣ ለትንሽ ቁጥር ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር የግድ መመሳሰል አለበት።

ፍሬም ውስጥ ካለ ከፍሬሙ ወጥቶ ጀርባውንም አሳዩኝ በሉ፣ ፍሬም ብዙ ጉድ ይደብቃል፣ የተቆረጠ ጠርዝ፣ ቡናማ ነጠብጣብ፣ ወረቀቱ ላይ በሙጫ የተለጠፈ ካርቶን። ከገዛችሁ በኋላ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ አልትራቫዮሌት የሚከላከል መስታወትና አሲድ የሌለው ካርቶን አስገቡበት፣ ደረሰኙንና ሰርተፊኬቱን ደግሞ ከፍሬሙ ጀርባ ሳትለጥፉ ለብቻ አስቀምጡ፣ ነገ መሸጥ ብትፈልጉ መጀመሪያ የምትጠየቁት እነሱን ነው።