«ገዳማቶች» ካላልህ «ክራይቴሪያስ» አትበል

ሰኔ በገባ ቁጥር ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ያለው ቤቴ በረንዳው በመመረቂያ ጽሑፍ ይሞላል። ጡረታ ወጥቼ እንግሊዝኛ ማስተማሩን ከተውሁ ወዲህ ሥራዬ የልጆቹን ጽሑፍ ማረም ነው። አምና ስለ ጣና እምቦጭ የጻፈ ልጅ «ፎር ክራይቴሪያስ» (አራት መስፈርቶች ለማለት ነው) የሚል ገጽ አመጣልኝ።

«ጣና ላይ ስንት ገዳማቶች አሉ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ ደግሞ! ገዳማት ነው እንጂ» አለኝ። ድቁና አለው፤ ግእዙን አይስትም።

«ክራይቴሪያም እንደ ገዳማት በዝቶ ያለቀ ነው። ነጠላው ክራይቴሪየን ነው።»

እንግሊዝኛ ከግሪክ የወሰዳቸውን እንዲህ ያሉ ስሞች ስታበዙ መጨረሻቸውን እዩ። በኦ እና በኤን ካለቁት በአንዳንዶቹ ላይ ሁለቱን ፊደላት ጥላችሁ ኤ አስገቡ፤ ፊኖሚነን ፊኖሚና ይሆናል። ኤሌክትሮን ግን አያታልላችሁ። ሥሩ ግሪክ ቢሆንም ስሙን እ.ኤ.አ. በ1891 ያወጣው ጆርጅ ጆንስተን ስቶኒ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ ሲበዛ ኤስ ይበቃዋል።

ተማሪ በብዛት የሚሰናከለው በ«ሲስ» በሚያልቁት ነው፦ ቲሲስ፣ ሃይፖቴሲስ፣ አናሊሲስ፣ ክራይሲስ። ከመጨረሻዋ ኤስ በፊት ያለችውን አይ አውጥታችሁ ኢ ተኩ። ስታነቡት «ሲስ» የነበረው «ሲዝ» ይሆናል፤ ሲ ረዘም ትበል። ጽሑፉ ላይ በትክክል አስፍሮ ዲፌንስ ላይ (ጽሑፉን በመምህራን ፊት ሲያቀርብ) «ቱ ሃይፖቴሲስ» የሚል ብዙ ነው። ቤይሲስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ ሲበዛ አጻጻፉ ከቤዝ ብዙ ቁጥር ጋር አንድ ነው፣ የሚለየው ንባቡ ብቻ ነው።

በ«ማ» ከሚያልቁት ጥቂቶቹ «ታ» ይጨምራሉ። የቅጠል መተንፈሻ ቀዳዳ ስቶማ ነው፣ ሲበዛ ስቶማታ። ድራማና ዲፕሎማ ግን እንግሊዝኛውን ለምደዋል፤ ኤስ ጨምራችሁ እለፉ። እኛስ ዲያቆንን ከግሪክ ወስደን ዲያቆናት ብለን በግእዝ አበዛነው አይደል?

የጣና ነገር ከሆነ ጉማሬና ደንገል አይቀሩም። ሂፖፖታመስ በግሪክ «የወንዝ ፈረስ» ማለት ነው። ሂፖፖታማይም ሂፖፖታመስስም ያስኬዳል፤ «አይ» የምትለዋ መጨረሻ ግን የላቲን ናት። ደንገልም ፓፓይረስ ነው፣ ሲበዛ ፓፓይራይ። ኦክቶፐስን ግን ኦክቶፓይ አትበሉ፤ «ፐስ» እንደ ሂፖፖታመስ ቅጥያ መጨረሻ ሳይሆን ራሱ የግሪክ «እግር» የሚለው ቃል ስለሆነ የላቲን መጨረሻ አይገባውም። ኦክቶፐስስ በሉ። ጣና ውስጥ እንኳ የለም፤ ብቻ ሁሌ የሚጠይቀኝ አይጠፋም።

ከማሳተማችሁ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ክራይቴሪያንና ፊኖሚናን እየፈለጋችሁ ከኋላቸው የመጣውን ግስ እዩ። «ኢዝ» ካገኛችሁ «አር» አድርጉት። ያ ልጅ ኤሱን ሁሉ ለቅሞ አውጥቶ «ክራይቴሪያ ኢዝ» የሚለውን ሰባት ቦታ ትቶት መጣ።