የግብር ውሳኔ ሲደርስዎ ቅሬታ እንዴት ይቀርባል?

ከኦዲት በኋላ የሚመጣ የግብር ውሳኔ ሲከፈት ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ከታች በተጻፈው ድምር ላይ ነው። ቀድሞ መታየት ያለበት ግን ውሳኔው የደረሰበት ቀን ነው፤ በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው ከደረሰበት ቀን በኋላ ባሉት 21 ቀናት ውስጥ ነውና። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው የፌዴራሉን አዋጅ ነው። ክልሎችና አዲስ አበባ የራሳቸው ሕግ ስላላቸው፣ ግብርዎን የሚከፍሉት ለክልል ወይም ለከተማ ገቢዎች ቢሮ ከሆነ የቀናቱን ቁጥርና የመቶኛውን ልክ ከዚያው ሕግ ማረጋገጥ ይኖርብዎታል። ተቀጣሪ ሠራተኛ ግብሩ በአሠሪው በኩል ከደመወዙ ተቀንሶ ስለሚከፈል እንዲህ ያለ ወረቀት እምብዛም አይደርሰውም፤ በአብዛኛው የሚደርሰው ለነጋዴ፣ ለአከራይና ለድርጅት ነው።

ቀኑን መቁጠር

ውሳኔውን የተረከቡበትን ቀን በዚያው ሰዓት በወረቀቱ ጥግ ላይ ይጻፉ። ለምሳሌ ኅዳር 3 ከተረከቡ ቆጠራው ከኅዳር 4 ይጀምርና በኅዳር 24 ያበቃል። እሑድና በዓል ይቀነሳል ብሎ መቁጠር ብዙ ሰው ያስጎዳ ልማድ ስለሆነ ሳይቀንሱ መቁጠሩ ይበጃል። ሕመም፣ ከአገር ውጭ መሆን ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ካጋጠመ ተጨማሪ ጊዜ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ የሚፈቀደው ግን ከ10 ቀን አይበልጥም፤ ጥያቄውም የመጀመሪያው ጊዜ ሳያልፍ መግባት አለበት።

ድምሩን መበተን

ቀጥሎ ውሳኔው በምን ላይ እንደተመሠረተ ይለዩ። ግብሩ በግምት የተሰላ ከሆነ ክርክሩ የሚያተኩረው ባለሥልጣኑ (ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) በተጠቀመበት የግምት መነሻ ላይ ነው፤ ያሳወቁት ሒሳብ በኦዲት ተሻሽሎ ከሆነ ደግሞ ክርክሩ በተለወጡት መስመሮች ላይ ብቻ ይወሰናል። ከዚያ ዋናውን ግብር፣ ቅጣቱንና ወለዱን ለያይተው በየግኝቱ ያስቀምጡ።

አንድ የእንጨት ሥራ ድርጅትን እንውሰድ፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስለሆነ ግብሩ ከትርፉ 30 በመቶ ነው። ኦዲተሩ 400,000 ብር ወጪ ውድቅ አድርጎበታል፤ ከዚህም 300,000 ብሩ የጣውላ ግዢ፣ 100,000 ብሩ የጭነትና የወዛደር ክፍያ ነው። ተጨማሪው ግብር ቅጣትና ወለድ ሳይጨመር 120,000 ብር ይሆናል። ለጣውላው ደረሰኝ አለ፤ ለወዛደሩ የተከፈለው ግን በእጅ ተሰጥቶ ያለ አንዳች ወረቀት የቀረ ነው። ሁሉንም እንከራከር የሚል ስሜት ቢያይልም፣ ማስረጃ የሌለውን መስመር ይዞ መሟገት ማስረጃ ያለውንም ያዳክማል ባይ ነኝ። ስለዚህ ድርጅቱ ከወዛደሩ ክፍያ የሚመጣውን 30,000 ብር አምኖ ይከፍላል፤ የሚከራከረው በ90,000 ብሩ ላይ ይሆናል። ያልተካደውን ግብር መክፈል ቅሬታው ተቀባይነት እንዲያገኝም ያስፈልጋል።

ማስረጃውን ማዘጋጀት

ውሳኔው ስሕተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም ያለው በግብር ከፋዩ ላይ ነው። ባለሥልጣኑ ልክ መሆኑን ያስረዳ ብሎ መጠበቅ አይሠራም። በምሳሌያችን ድርጅቱ የግዢ ደረሰኞቹን፣ ክፍያው በባንክ የተላለፈበትን ወረቀትና ጣውላው መጋዘን የገባበትን ሰነድ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር አገናኝቶ፣ በአባሪ ቁጥር ያስቀምጣል። ሦስቱ በቀን፣ በመጠንና በገንዘብ ልክ ካልተናበቡ ልዩነቱን ራስዎ ቀድመው ያብራሩ፤ መርማሪው ሲያገኘው ጥርጣሬ ይሆናል።

ቅሬታውን መጻፍ

አዋጁ ቅሬታው በጽሑፍ ሆኖ ሦስት ነገሮችን በትክክል እንዲገልጽ ይፈልጋል፤ የተቃወሙበትን ነጥብ፣ እንዲደረግ የሚፈልጉትን ማሻሻያና ምክንያቱን። «ሥራ ተቀዛቅዟል፣ የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ» የሚለው ልመና ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ አይገባም። የምሳሌያችን ድርጅት ዋና አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የጣውላ ግዢ 300,000 ብር በወጪነት አልተያዘልንም። ግዢው የተፈጸመው በስድስት ደረሰኞች ሲሆን ክፍያው በባንክ ተላልፏል፤ ደረሰኞቹ ከአባሪ 1 እስከ 6፣ የባንክ ወረቀቶቹ ከአባሪ 7 እስከ 12 ተያይዘዋል። ስለሆነም ወጪው ተይዞልን 90,000 ብር ግብርና በእርሱ ላይ የተሰላው ቅጣትና ወለድ እንዲነሣልን እንጠይቃለን።»

ቅሬታውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው ሲያስገቡ በራስዎ ቅጂ ላይ የተቀባዩን ፊርማ፣ ማኅተምና ቀን ያስደርጉ። ቅሬታው የጎደለው ነገር አለ ተብሎ ከተመለሰ፣ የ21 ቀኑ ጊዜ ካላለቀ እስኪያልቅ፣ ካለቀ ደግሞ የመመለሻው ማስታወቂያ ከደረሰዎት በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ አስተካክሎ ማስገባት ይቻላል።

ምላሹ ካላረካ

በቅሬታው ላይ በተሰጠው ውሳኔ ካልተስማሙ በ30 ቀናት ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ይባላል። ባለሥልጣኑ በ180 ቀናት ውስጥ ምንም ካልወሰነ ደግሞ፣ 180ው ቀን ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ በቀጥታ ወደ ኮሚሽኑ መሄድ ይቻላል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ምላሽ እየጠበቀ የይግባኝ ጊዜው ያልፍበታል። እስከዚህ ድረስ ለክርክሩ ሲባል የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም። ኮሚሽኑ ዘንድ ግን ይግባኙ የሚከፈተው ከሚከራከሩበት ግብር 50 በመቶው ሲከፈል ነው፤ በምሳሌያችን 45,000 ብር።

ከኮሚሽኑ ውሳኔ በኋላ ያለው መንገድ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ጊዜው እንደገና 30 ቀን ሲሆን የሚከፈለው ድርሻ ወደ 75 በመቶ፣ በምሳሌያችን ወደ 67,500 ብር ይደርሳል። ፍርድ ቤቱ የሚመለከተው የሕግ ጥያቄን ብቻ ነው። ጣውላው ተገዝቷል ወይስ አልተገዛም የሚለው የፍሬ ነገር ጉዳይ ስለሆነ፣ በቅሬታው ጊዜ ያልቀረበ ደረሰኝ ይዞ ከዚያ ደጃፍ መድረስ የሚያስገኘው ጥቅም አይኖርም።