የዳንቴል ስኒ ማስቀመጫና የቅቤ ብስኩት፦ ለምትወዱት ሰው በእጅ የተሠራ ስጦታ እንዴት እንደሚዘጋጅ

በእጅ የተሠራ ስጦታ ሲታሰብ ቶሎ ወደ ልብ የሚመጣው ትልቁ ነገር ነው፤ የአልጋ ልብስ፣ ሹራብ፣ ባለ ሦስት ደርብ ኬክ። ቀኑ ሲደርስ የአልጋ ልብሱ ገና ሩቡ ላይ ነው፤ ኬኩም መንገድ ላይ ይጎዳል። እኔ የምመክረው አራት የዳንቴል ስኒ ማስቀመጫና አንድ ቆርቆሮ የቅቤ ብስኩት ነው። ማስቀመጫ እንደ ሹራብ የሰውን ልክ አይጠይቅም፤ ብስኩቱም ሳይበላሽ ይቆያል። ብስኩቱ ተበልቶ ሲያልቅ ዳንቴሉ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል።

የሥራውን ቅደም ተከተል አታዛቡ። ዳንቴሉን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ጨርሱት፤ ብስኩቱን ስጦታው ከሚሰጥበት ቀን አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ጋግሩት። ሁለቱን በአንድ ምሽት ለመጨረስ መሞከር ሁለቱንም ያበላሻል።

ዳንቴሉ

የሚያስፈልጋችሁ መካከለኛ ውፍረት ያለው የጥጥ ክር፣ 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ፣ ጫፉ የማይወጋ የሹራብ መርፌና መቀስ ነው። ለአራቱ ማስቀመጫ አንድ ባለ 50 ግራም ጥቅል ይበቃል። ክሩ ጥጥ መሆን አለበት ስል ምክንያት አለኝ። አክሪሊክ ክር ለስላሳና የሚያማምር ቀለም ያለው ቢሆንም በጣም የጋለ ነገር ሲያርፍበት ሊቀልጥ ይችላል፣ ውኃም በደንብ አይመጥም። ጥጥ ሙቀቱን ይችላል፤ ከስኒው የፈሰሰውንም ይመጥጣል።

ክሩ ላይ አንድ ተንሸራታች ቋጠሮ ሠርታችሁ ኪሮሹን አስገቡ። ክሩን በኪሮሹ እየሳባችሁ በቀለበቱ ውስጥ በማሳለፍ አራት ሰንሰለት ሥሩ፤ ከዚያ የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር አያይዛችሁ ትንሽ ክብ አድርጉት። ሥራው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ክብ ላይ ነው።

አሁን ሦስት ሰንሰለት ወደ ላይ ሥሩ፤ ይህ እንደ አንድ ቋሚ ይቆጠራል። ቋሚ የምለው እንዲህ የሚሠራውን ነው፦ ክሩን አንድ ጊዜ በኪሮሹ ላይ ጠምጥሙ፤ ኪሮሹን ወደ ክቡ ውስጥ አስገብታችሁ ክሩን ስባችሁ አውጡ። ኪሮሹ ላይ ሦስት ቀለበት ታያላችሁ። ክሩን እንደገና ያዙና በሁለቱ ውስጥ አሳልፉ፤ አሁንም ያዙና በቀሩት ሁለት ውስጥ አሳልፉ። አንድ ቋሚ ተሠራ። በክቡ ውስጥ አሥራ አንድ እንዲህ ያለ ቋሚ ሥሩ። ከመጀመሪያው ሦስት ሰንሰለት ጋር 12 ይሆናል። ከዚያ ኪሮሹን በሦስተኛው ሰንሰለት ላይ አስገብታችሁ ዙሩን ዝጉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሕግ አንድ ነው፤ በየዙሩ 12 ቋሚ ይጨመራል። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ቋሚ አናት ላይ ሁለት ሁለት ሥሩ፤ 24 ይሆናል። በሦስተኛው አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት እያደረጋችሁ ዙሩ፤ 36። በአራተኛው አንድ፣ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፤ 48። የእያንዳንዱን ዙር መጀመሪያ በሦስት ሰንሰለት ክፈቱ፤ እንደ አንድ ቋሚ መቁጠራችሁንም አትርሱ። አራተኛው ዙር ሲዘጋ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ይኖራችኋል።

በየዙሩ መጨረሻ ቁጠሩ። ይህን አበክሬ የምናገረው መጀመሪያ ለስጦታ የሠራሁት ማስቀመጫ ጠርዙ ወደ ላይ ተነሥቶ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ስለሆነብኝ ነው። ፈትቼ ስቆጥረው ሦስተኛው ዙር ላይ 36 መሆን የነበረበት 31 ነበር። ጠርዙ ወደ ላይ ከታጠፈ ቋሚዎቹ አንሰዋል፤ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ከተጨማደደ በዝተዋል። ሁለቱም በብረት ተተኩሶ የሚስተካከል አይደለም። እስከ ስህተቱ ዙር ድረስ መፍታት ያሳዝናል፤ ግን ዳንቴል የተሳሳቱትን ፈትቶ በዚያው ክር እንደገና መሥራት የሚቻልበት ሥራ ነው፤ ይህን እወድለታለሁ።

ሲያልቅ ከክሩ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ በመጨረሻው ቀለበት አሳልፋችሁ አጥብቁ። የቀረውን ጫፍ በመርፌ በጀርባው በኩል ወደ አንድ አቅጣጫ ሸጉጡት፤ ከዚያ መልሳችሁ ወደ ተቃራኒው ውሰዱት። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የተሸጎጠ ክር በሁለተኛው እጥበት ይወጣል። በመጨረሻ ማስቀመጫዎቹን አርጥቡ፣ በፎጣ ጨምቁ፣ በእጃችሁ አስተካክላችሁ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግታችሁ አድርቁ። ይህን ከዘለላችሁት ሥራው ያላለቀ ይመስላል።

ብስኩቱ

መጠኑን ለማስታወስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በሉ፦ 100 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 300 ግራም የስንዴ ዱቄት። ቁንጥር ጨው ጨምሩበት። ቅቤው ጣት ሲጫነው የሚሰረጉድ፣ ግን ያልቀለጠ ይሁን፤ በቀለጠ ቅቤ የተሠራ ብስኩት ትሪው ላይ ይዘረጋል።

ቅቤውንና ስኳሩን እስኪዋሃዱ አሹ። ዱቄቱን ነፍታችሁ ጨምሩና ሊጡ እስኪያያዝ ብቻ ሰብስቡት። እንደ ዳቦ ሊጥ አታቡኩት፤ ብዙ የታሸ ሊጥ ይጠነክራል። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እስኪኖረው ዳምጡት፣ በሚፈለገው ቅርጽ ቁረጡ፣ ትሪ ላይ ደርድራችሁ ለ30 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት። ቅቤው ሲጠነክር የተቆረጠው ቅርጽ በእሳቱ ውስጥ አይበላሽም። ከዚህ መጠን ሠላሳ ያህል ብስኩት ይወጣል።

ቀድሞ በጋለ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ኦቭን ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ኦቭን ሁሉ አንድ ስላልሆነ ከ18ኛው ደቂቃ ጀምራችሁ ተመልከቱ። ዳሩ ወርቃማ መምሰል ሲጀምር፣ መሐሉ ገና ፈዘዝ እንዳለ አውጡት። ሲነካ ለስላሳ ይሆናል፤ አልበሰለም ብላችሁ አትመልሱት። የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነው። አሥር ደቂቃ ሳታነሱት ትሪው ላይ ይቆይ፤ ከዚያ አየር ወደሚያገኝበት ወንፊት ወይም የሽቦ መደርደሪያ አዛውሩት።

ማሸጉ

ብስኩቱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይታሸግ። ለብ ያለ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሲዘጋበት እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ይሆንና መልሶ ያረጥበዋል። በየድርድሩ መካከል ቅባት የማያሳልፍ ወረቀት አድርጉ። ለስላሳ ኬክ ከጎኑ አታስቀምጡ፤ ብስኩቱ ከኬኩ እርጥበት ስቦ ይለዝዛል። በደንብ የተዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ ሳምንት ያለ ችግር ይቆያል።

ዳንቴሉን ቆርቆሮው ውስጥ አታስገቡት፤ ቅቤው ወደ ጥጡ ይሰርጋል። አራቱን ደራርባችሁ ክዳኑ ላይ አስቀምጡና ከተረፈው ክር በተሠራ ረጅም ሰንሰለት ከቆርቆሮው ጋር እሰሩት። ከሥሩ ትንሽ ካርድ ሸጉጡ። በአንድ ፊቱ ብስኩቱ የስንዴ ዱቄትና ቅቤ እንዳለበት ጻፉ፤ ስጦታው ቤት ሲደርስ ከሌላ ሰው ጋር ይካፈላልና አንዱ የማይስማማው ሊኖር ይችላል። በሌላው ፊት ማስቀመጫዎቹ ለብ ባለ ውኃ ታጥበው ተዘርግተው እንዲደርቁ አመልክቱ።